የጠፈር መኖሪያ ሲነደፍ የትኛው የግንባታ ዓይነት ይመረጥ? አምስት አማራጮች በንጽጽር

ለመመረቂያ ሥራ ወይም ለዲዛይን ውድድር የጨረቃ ወይም የማርስ መኖሪያ ለመንደፍ የተነሣ የሥነ ሕንፃና የምህንድስና ተማሪ መጀመሪያ የሚቸገረው በሐሳብ እጥረት ሳይሆን በሐሳብ ብዛት ነው። አንዱ ሥዕል ከጨረቃ አፈር የታነጸ ጉልላት ያሳየዋል፤ ሌላው እንደ ኳስ የተነፋ ባለ ሦስት ፎቅ ድንኳን፤ ሌላው ደግሞ ዐሥር ሺህ ሰው የሚኖርበት ግዙፍ ቀለበት። ሁሉም ያምራሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተሣለው የተለያየ ጥያቄ ለመመለስ ስለሆነ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያምረውን መምረጥ ወደ ስሕተት ይመራል። ስለዚህ ከሥዕሎቹ በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ፤ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንፈትሽ። የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምናነጻጽራቸው አምስት ናቸው፦ ምድር ላይ ተሠርቶ የሚላክ የብረት ክፍል፣ ተጣጥፎ ሄዶ እዚያ በአየር የሚነፋ መኖሪያ፣ ከጨረቃ ወይም ከማርስ አፈር በማሽን የሚታተም ቤት፣ በተፈጥሮ የላቫ ዋሻ ውስጥ የሚዘረጋ መኖሪያ፣ እንዲሁም የስበትን ስሜት ለመፍጠር የሚሽከረከር ጣቢያ።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉም የሚቀድመው የአየር ግፊት ነው፤ ብዙ ንድፎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ምድር ላይ ቤት የሚሠራ ሰው የሚታገለው ወደ ታች ከሚጫን ክብደት ጋር ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የሚጸናውም ይህ ጫና ስለሚያስተሳስረው ነው። በጠፈር ግን ውጭው ባዶ ስለሆነ ቤቱን የሚገፋው በውስጡ ያለው አየር ነው። በባሕር ወለል ደረጃ ያለውን 101 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይዘን ከሄድን፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል ምድር ላይ 10 ቶን ገደማ ከሚመዝን ዕቃ ክብደት ጋር ይተካከላል። እንግዲህ የጠፈር ቤት ከምናውቀው ቤት ይልቅ ለጋዝ ሲሊንደር ይቀርባል፤ ግድግዳው ከመጨመቅ ይልቅ መወጠርን መቻል አለበት። ድንጋይ፣ ጡብና ኮንክሪት ደግሞ መጨመቅን በጽናት ቢችሉም ሲወጠሩ ይሰነጠቃሉ።

የግፊቱ መጠን ራሱ የነዳፊው ውሳኔ መሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ሚሊዮኖች በዚያ አየር ይወለዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ያረጃሉ። መኖሪያውን ለአዲስ አበባ አየር ብንነድፈው በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫና በሩብ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ከዚህም ዝቅ ብሎ መሄድ ይቻላል፦ ናሳ ለወደፊት ጉዞዎች 34 በመቶ ኦክስጅን ያለበትን 56.5 ኪሎ ፓስካል ግፊት አጥንቷል፤ በ1973 የተላከው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ስካይላብም በኦክስጅን የበለጸገ 34 ኪሎ ፓስካል ገደማ አየር ነበረው። ዝቅተኛ ግፊት ጠፈርተኛው የጠፈር ልብስ ለብሶ ከመውጣቱ በፊት ለዝግጅት የሚያጠፋውን ጊዜ ያሳጥራል፤ በአንጻሩ የኦክስጅኑ ድርሻ ሲያድግ የእሳት አደጋውም ያድጋል። ተማሪዎች በንድፋቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን ቁጥር እንዲጽፉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የግድግዳው ውፍረት፣ የመስኮቱ ስፋትና የበሩ ቅርጽ ሁሉ የሚከተለው ከእርሱ ነውና።

ሁለተኛው መመዘኛ ጨረር ነው። የቻይናው ቻንግ ኧ 4 መንኮራኩር በጨረቃ ገጽ ላይ በቀን 1.37 ሚሊ ሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ገደማ ለክቷል፤ ይህም በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ካለው 2.6 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ ጨረቃ ላይ ያለ በቂ መከለያ አንድ ዓመት የቆየ ሰው ወደ 500 ሚሊ ሲቨርት ይቀበላል፤ ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የፈቀደው ጣሪያ ግን 600 ነው። በማርስ ገጽ ላይ የናሳው ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ የለካው በቀን 0.65 ገደማ ስለሆነ ቀለል ይላል፤ ሆኖም ለዓመታት ለሚኖር ሰው እርሱም ብዙ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ሦስተኛው ክብደትና ስፋት ነው፤ በሮኬት ጫፍ ሽፋን ውስጥ የማይገባ ነገር አይሄድም፣ የሚሄደው ሁሉ ደግሞ ዋጋው በኪሎ ይቆጠራል። አራተኛው ቤቱ ሲበሳ ወይም ሲሰነጠቅ በነዋሪዎቹ እጅ ሊጠገን መቻሉ ነው። አምስተኛው አሠራሩ ምን ያህል በተግባር እንደተፈተነ፣ ስድስተኛው ደግሞ የሰው አካል በዚያ ስበት ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው።

1. ተሠርቶ የሚላክ የብረት ክፍል

ሰው በእርግጥ ለረጅም ጊዜ የኖረበት ብቸኛው አማራጭ ይህ ነው። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የመጀመሪያ ክፍል ኅዳር 1998 ተላከ፤ ከኖቬምበር 2 ቀን 2000 ጀምሮም ጣቢያው ሰው ተለይቶት አያውቅም። አሁን 420 ቶን ገደማ ይመዝናል። የቻይናው ቲያንጎንግም በዚሁ መንገድ በሦስት ትላልቅ ክፍሎች ተገጣጥሞ በ2022 ተጠናቀቀ። አሉሚኒየም መወጠርን በሚገባ ይችላል፤ ባሕርዩም በአሠርት ዓመታት ልምድ ስለታወቀ ነዳፊው በግምት አይሠራም።

ድክመቱ ስፋት ነው። የአሜሪካው ዴስቲኒ ቤተ ሙከራ 8.5 ሜትር ርዝመትና 4.3 ሜትር ስፋት ብቻ ኖሮት 14.5 ቶን ይመዝናል፤ ከዚህ ያልሰፋው በወሰደው የጠፈር መንኮራኩር የጭነት ክፍል ውስጥ መግባት ስለነበረበት ነው። ቀጭን የአሉሚኒየም ግድግዳ ጨረርን በመከለል ረገድም ደካማ ነው፤ እንዲያውም ኃይለኛ ቅንጣቶች ሲመቱት ሌሎች ቅንጣቶችን ያፈልቃል።

ስለ ጥገና ግን ከዚህ አማራጭ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ሰኔ 25 ቀን 1997 አንድ የጭነት መንኮራኩር ሚር ከተባለው የሩስያ ጣቢያ ጋር ተጋጭቶ ስፔክትር የተባለውን ክፍል በሳው። ሦስቱ ነዋሪዎች የዳኑት ክፍሉን ለይተው በሩን በመዝጋታቸው ነው፤ ይህን ለማድረግ ግን በበሩ በኩል ያልፉ የነበሩትን ገመዶች እየነቀሉና እየቆረጡ ማስለቀቅ ነበረባቸው። ስለዚህ የትኛውንም አማራጭ ብትመርጡ ቤቱ ቢያንስ በሁለት ለየብቻ በሚታሸጉ ክፍሎች ይከፈል፤ በበሩ ውስጥም ገመድም ሆነ ቱቦ አይለፍ።

የዕድሜው ፍጻሜም በወጪ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ናሳ ዓለም አቀፉን ጣቢያ ከምሕዋር አውርዶ ወደ ውቅያኖስ ለመጣል የሚያስፈልገውን መንኮራኩር ለማሠራት በ2024 የፈረመው ውል እስከ 843 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ቤት ማፍረስም በጀት ይፈልጋል።

2. በአየር የሚነፋ መኖሪያ

ሰዎች «የሚነፋ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊኛ ስለሚታያቸው ይፈሩታል። ፍርሃቱ ከእውነታው ይርቃል፤ ግድግዳው እንደ ቬክትራን ካሉ እጅግ ጠንካራ ክሮች በተሸመነ ጨርቅና በብዙ ደራርብ ንጣፎች የተሠራ ሲሆን፣ መወጠር ደግሞ የጨርቅ ተፈጥሮው ነው። የግፊትን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ይህ አማራጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲየራ ስፔስ የተባለው ኩባንያ በዲሴምበር 2023 ባለ ሙሉ መጠን ናሙናውን ሆን ብሎ እስኪፈነዳ ሲነፋው ናሙናው የተሰነጠቀው ከባሕር ወለል ግፊት አምስት እጥፍ በላይ ሲደርስ ነበር።

በምሕዋር የተፈተነው ምሳሌ ቢግሎው ኤሮስፔስ በ17.8 ሚሊዮን ዶላር ውል ለናሳ የሠራው ቢም የተባለው ክፍል ነው። ሚያዝያ 2016 ተልኮ በዓለም አቀፉ ጣቢያ ላይ ተገጠመ። ግንቦት 26 መንፋት ሲጀመር ግን ጨርቁ ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ በመቆየቱ አልዘረጋ አለ፤ ሥራው ተቋርጦ ከሁለት ቀን በኋላ አየሩ በጥቂት በጥቂቱ እየተለቀቀ ከሰባት ሰዓት በላይ ወስዶ ተሳካ። ርዝመቱ ከ2.16 ወደ 4.01 ሜትር አደገ፤ 16 ሜትር ኩብ ቦታም ሰጠ። ለሁለት ዓመት ታስቦ የተላከው ይህ ክፍል ከዚያ በኋላም በዕቃ ማከማቻነት ማገልገሉን ቀጠለ። አምራቹ ኩባንያ ግን በ2020 ሠራተኞቹን ሁሉ አሰናበተ፤ ይህም ከቴክኖሎጂው ጥራት ውጭ «መለዋወጫውን ከዐሥር ዓመት በኋላ ማን ይሠራልኛል?» የሚለው ጥያቄ በመመዘኛ ውስጥ መግባት እንዳለበት ያሳያል።

ሊመረመሩ የሚገባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው ጨርቁ ከበርና ከመስኮት የብረት ክፈፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሁለተኛው በጽኑ የተወጠረ ክር በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የመለጠጥ ጠባዩ ነው። ጨረርን በተመለከተ በቢም ውስጥ የተለካው ከተቀረው ጣቢያ ጋር ተቀራራቢ ስለነበር፣ ጨርቁ ብቻውን የጨረቃን ጨረር ይከልላል ብሎ መንደፍ አይገባም።

3. ከአፈር የሚታተም ቤት

የውድድር ሥዕሎችን የሞላው ይህ አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም አሳማኝ ነው። አፈሩ እዚያው አለ፣ ማጓጓዣ አይጠይቅም፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ውፍረት ሲኖረው ከጨረርና ከደቃቅ የጠፈር ድንጋዮች በሚገባ ይጠብቃል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ከፎስተር እና አጋሮቹ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ጋር በ2013 ባቀረበው ጥናት 1.5 ቶን የሚመዝን ናሙና ከአስመሳይ የጨረቃ አፈር ታትሟል። ናሳም በ2022 ለአይኮን ኩባንያ የጨረቃ ግንባታ ዘዴ እንዲያዳብር የ57.2 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቷል።

ነገር ግን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ነው፤ የአንድ ሜትር ኩብ አፈር መጠነ ቁስ 1.6 ቶን ያህል እንደሆነ እንውሰድ። በጣሪያ ላይ የተከመረ 3 ሜትር አፈር ወደ ታች የሚጫነው 8 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። በውስጥ ያለው አየር ግን በአዲስ አበባ መጠን እንኳ ወደ ላይ የሚገፋው በ76 ነው። ጣሪያውን በክብደት ብቻ ለመያዝ ወደ 30 ሜትር አፈር መከመር ይኖርብናል፤ በባሕር ወለል ግፊት ደግሞ 40 ሜትር ገደማ። ስለዚህ የታተመ የአፈር ቅርፊት ለብቻው አየር የሚይዝ ቤት አይሆንም፤ ጥሩ የሚሆነው የውስጡን መኖሪያ የሚጠብቅ ልብስ ሲሆን ነው። የ2013ቱ ጥናትም ውስጡን በሚነፋ ድንኳን ሠርቶ አፈሩን በላዩ ያተመው በዚህ ምክንያት ነው። ቅርፊቱ ራሱ አየር እንዲይዝ የሚፈልግ ነዳፊ መወጠርን የሚችል ነገር ማቀላቀል አለበት፤ በ2019 የናሳን የህትመት ውድድር ያሸነፈው ማርሻ የተባለው ንድፍ የባዛልት ክርን ከፕላስቲክ ጋር ያዋሐደውና የእንቁላል ቅርጽ የያዘው ለዚህ ነበር።

በሂዩስተን የታተመው 158 ካሬ ሜትር የማርስ መለማመጃ ቤትም ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። አራት ሰዎች ከሰኔ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 ለ378 ቀናት ኖረውበታል፤ ስለ መገለል፣ ስለ ምግብና ስለ የግል ክፍል አቀማመጥ የሚሰጠው ትምህርት ትልቅ ነው። ቤቱ የቆመው ግን በምድር አየር ውስጥ ስለሆነ ስለ ግፊት የሚመሰክረው ነገር የለም።

ሌላው ችግር አቧራው ነው። ነፋስና ውሃ ያላለሳለሱት የጨረቃ አቧራ እንደ ተሰበረ መስታወት ስለታም ነው፤ የአፖሎ 17ቱ ጂኦሎጂስት ሃሪሰን ሽሚት በትንፋሹ ሲያስገባው ጉንፋን የመሰለ ሕመም ተሰምቶት ነበር። ለወራት አፈር የሚዝቅና የሚያቀልጥ ማሽን መገጣጠሚያዎቹ በዚህ አቧራ እንዳይበሉ፣ በአብዛኛው የጨረቃ ክፍል ሁለት ሳምንት በሚዘልቀው ሌሊትም ኃይል እንዳያጣ መታሰብ አለበት።

4. የላቫ ዋሻ

የቀለጠ አለት ፈስሶ ሲያበቃ የተወው ባዶ መተላለፊያ ጣሪያው ከማናቸውም ህትመት ይወፍራል። በ2009 የጃፓኑ ካጉያ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ በማሪየስ ኮረብቶች አካባቢ የመጀመሪያውን ጥልቅ ጉድጓድ አገኘ። በማሬ ትራንኩሊታቲስ የሚገኘው ሌላው ጉድጓድ 100 ሜትር ያህል ስፋትና ጥልቀት አለው፤ በ2024 በጣሊያን ትሬንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን የቆየ የራዳር መረጃ ተንትኖ ከግርጌው የሚነሣ ዋሻ እንዳለ የሚያመለክት ማስረጃ አውጥቷል። ከሁሉ የሚማርከው የሙቀቱ ነገር ነው፦ ውጭው ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ100 በላይ ሲለዋወጥ፣ በዚህ ጉድጓድ ጥላ ያለበት ክፍል በ17 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንደሚጸና በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ከአለት ውስጥ ቤት ማውጣት ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ሆኖም የላሊበላ ጠራቢዎች አለቱ ላይ ቆመው፣ በእጃቸው ዳስሰው ነው የፈለፈሉት፤ የጨረቃ ዋሻ ነዳፊ ግን አለቱን የሚያውቀው ከምሕዋር በተነሣ ፎቶና በራዳር ብቻ ነው። የጣሪያው ስንጥቅ፣ የወለሉ ፍርስራሽ፣ 100 ሜትር ጥልቀት ሰውና ዕቃ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ ገና መልስ አላገኙም። ዋሻው አየር ስለማይይዝም ውስጡ የሚነፋ ወይም የብረት ክፍል የግድ ያስፈልጋል። በተጨማሪ እነዚህ ሁለት ጉድጓዶች ያሉት ከጨረቃ ወገብ ብዙም ባልራቀ ሥፍራ ሲሆን፣ የሚፈለገው የውሃ በረዶ ግን በዋልታዎቹ ጥላማ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ዋሻ የመረጠ ነዳፊ ውሃውን ከየት እንደሚያመጣ አብሮ ይንገረን።

5. የሚሽከረከር ጣቢያ

ከላይ ያሉት አራቱ የስበትን ችግር አይፈቱም። ክብደት አልባ በሆነ ሁኔታ ውስጥ አጥንት ካልተከላከሉለት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳል፤ ጠፈርተኞች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት የሚሠሩት ለዚህ ነው። ጨረቃና ማርስ ላይ ባለው አነስተኛ ስበት ውስጥ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ደግሞ ማንም አላየም። መፍትሔው ማሽከርከር ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡ ምሕረት የለውም። በደቂቃ ሁለት ጊዜ ብቻ በሚዞር ጣቢያ የምድርን ስበት ለማግኘት ሬዲየሱ 224 ሜትር መሆን አለበት፤ በደቂቃ አንድ ጊዜ ከሆነ 900 ሜትር ገደማ። ፍጥነቱን ጨምሮ ሬዲየሱን ማሳጠር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ነዋሪው ራሱን ባዞረ ቁጥር ይዞርበታል። ለማርስ ስበት የሚበቃ፣ በደቂቃ ሁለት ጊዜ የሚዞር ጣቢያ 85 ሜትር ሬዲየስ ይበቃዋል፤ ለቅርብ ጊዜ ንድፍ እኔ የምደግፈው ይህን መጠን ነው።

በ1975 በናሳ ኤምስ ማዕከል በተካሄደው የበጋ ጥናት የተነደፈው የስታንፎርድ ቀለበት 10,000 ሰዎችን የሚይዝ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ሲሆን፣ ክብደቱ 10 ሚሊዮን ቶን ያህል ተገምቶ ነበር፤ አብዛኛውም የጨረር መከለያ ነው። የዛሬው ጣቢያ 420 ቶን መሆኑን አስታውሱ። በተግባር የተሞከረው እጅግ ትንሽ ነው፦ በ1966 ጀሚናይ 11 ከሌላ መንኮራኩር ጋር በገመድ ተያይዞ ሲዞር ጥቂት የስበት ስሜት ፈጥሯል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ግፊትን መቻል | ጨረርን መከለል | ከምድር የሚጫነው | በተግባር መፈተኑ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| የብረት ክፍል | በጣም ጥሩ | ደካማ | ከባድና ጠባብ | ከ1970ዎቹ ጀምሮ | አጭር ቆይታ፣ የመጀመሪያ መጠለያ |
| የሚነፋ | በጣም ጥሩ | ብቻውን በቂ አይደለም | ሲታጠፍ ትንሽ፣ ሲነፋ ሰፊ | በምሕዋር፣ በአነስተኛ መጠን | ከወራት እስከ ዓመታት |
| የታተመ አፈር | ብቻውን አይችልም | በጣም ጥሩ | ማሽኑና የኃይል ምንጩ | ምድር ላይ ብቻ | ለቋሚ ሠፈር ውጫዊ ቅርፊት |
| የላቫ ዋሻ | ውስጡ ሌላ ክፍል ይሻል | ከሁሉ የላቀ | መውረጃና የውስጥ ክፍል | አልተፈተነም | ለሩቅ ጊዜ ትልቅ ሠፈር |
| የሚሽከረከር | ይቻላል | እጅግ ብዙ መከለያ ይሻል | እጅግ ከባድ | በጥቂቱ ብቻ | ረጅም ጉዞ፣ ቤተሰብ ያለበት ኑሮ |

ለየትኛው ፍላጎት የትኛው?

ለአራት ሰዎች ከአንድ ወር ያልበለጠ የጨረቃ ቆይታ ከሆነ፣ የብረት ክፍል ምረጡና ለፀሐይ ማዕበል (ፀሐይ ድንገት ብዙ ጨረር ስትረጭ) ጊዜ መሸሸጊያ የሚሆን፣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች የተከበበ ትንሽ ክፍል መካከሉ ላይ አድርጉ። የሚያትም ማሽን ይዞ መሄድ ለዚህ ጊዜ ብክነት ነው።

ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ፣ በመጠነኛ በጀት፣ የምመክረው ጥምር ነው፦ በርና የአየር መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ያሉበት አንድ የብረት ክፍል፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ የሚነፋ መኖሪያ፣ በላያቸው ደግሞ 2 ወይም 3 ሜትር አፈር። አፈሩ የግድ መታተም የለበትም፤ በከረጢት ተሞልቶ መደርደር ወይም በአካፋ ማሽን መከመር ጨረሩን እኩል ይከልላል፣ ሊበላሽ የሚችለውም ነገር ያንሳል። ኅትመቱ ትርፍ የሚሰጠው ቤቶቹ ከአንድ ወደ ብዙ ሲያድጉ፣ የሮኬት ማረፊያ ሜዳና መንገድም ሲያስፈልግ ነው።

ለማርስም ይኸው ጥምር ይሠራል፤ ነገር ግን ከምድር መለዋወጫ ለማድረስ ወራት ስለሚፈጅና የጉዞው መስኮት በየ26 ወሩ ገደማ ብቻ ስለሚከፈት፣ ለጥገና የሚሰጠው ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ መብለጥ አለበት። ጨርቅ ከውስጥ ሲበሳ የሚለጠፍበት መንገድ፣ ከግድግዳው ፊት የሚቆም መደርደሪያ ሁሉ ተነሥቶ ግድግዳው መታየት መቻሉ፣ በየክፍሉ ሁለት መውጫ መኖሩ በንድፉ ላይ ይሣል።

በወረቀትና በኮምፒውተር ብቻ ለሚሠራ የተማሪ ቡድን ደግሞ ዋሻውንም ሆነ ቀለበቱን ለመምረጥ የሚከለክለው የለም። ይሁን እንጂ ዳኞቹ ፊት የሚቀርበው ሥዕል ከጎኑ ሦስት ቁጥሮች ይኑሩት፦ የውስጡ ግፊት በኪሎ ፓስካል፣ ነዋሪው በዓመት የሚቀበለው ጨረር በሚሊ ሲቨርት፣ ከምድር የሚነሣው ጭነት በቶን። ቁጥሮቹን ሲያሰሉ ንድፉ ከተለወጠባቸው፣ የተለወጠውን ንድፍ ያቅርቡ።